ጨው ቤትን ያላየሁበት ጉዞ

«ጨው ቤትን አይተኸዋል?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። ጠያቂው ጥፋት የለበትም። ሐይቁም የለበትም፤ እሳተ ገሞራ በቆፈረለት ጉድጓድ ውስጥ ጥቁር ጨዉን ታቅፎ አርፎ ተኝቷል። ጥፋቱ የአንዲት ላም ነው። ከጥፋቱ ትንሽ ድርሻ የኔ አፍም አላት፤ እሷን ቀስ ብዬ አመጣታለሁ፣ አትቸኩሉ። እኔ የቸኮልኩት ይበቃል።

ነገሌ ቦረና ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁንም እዚያው የማስተምር ሰው ነኝ። አባቴ በወጣትነቱ ከሰሜን ሸዋ አስተማሪ ሆኖ መጣ፤ «ትንሽ ሠርቼ እመለሳለሁ» እንዳለ ይኸው ጡረታ ወጥቶም አልተመለሰም። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ከበር ስወጣ ኦሮምኛ እየተናገርኩ ስላደግሁ በሁለቱም እቀልዳለሁ፣ በሁለቱም እሰደባለሁ። መንገደኛ ሲቸገር፣ ገበያ ላይ ሁለት ሰው ሲጣላና ሳይግባባ ሲቀር «ያንን አስተማሪ ጥሩት» ይባላል። ይህ ነገር ልቤን አሳብጦት ነበር።

ልብ ካበጠ አፍም አይቀርላትም። ሰናይት በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል የምትሠራ፣ ስትስቅ በሽተኛውን የመጣበትን ነገር የምታስረሳ ልጅ ናት። አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ እየሸኘኋት «ከዚህ አገር የት የት አይተሃል?» አለችኝ። ዶሎ ኦዶ ደርሻለሁ፤ ወደራን እንደ ጓሮዬ አውቃታለሁ። እዚህ ላይ ብቆም ምን ነበረበት? አልቆምኩም። «ጨው ቤትንማ ድንጋይ በድንጋይ ነው የማውቀው» አልኳት። እውነቱን ለመናገር ጨው ቤትን የማውቀው መምህራን ማረፊያ ክፍል ከተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ነው። የየካቲት ወር ሥዕል ነበር። የካቲት ሲገለበጥ እሱም ተገለበጠ።

የሰናይት አባት ሻምበል ናቸው። ጡረታ ወጥተዋል፤ ግን መውጣታቸውን ለሰውነታቸው የነገረው የለም። ከጦር ሰፈሩ አጥር ጥግ ባለው ቤታቸው ከጥሩምባው ቀድመው ይነሳሉ፣ ጫማቸውን ይወለውላሉ፣ ቀበቷቸውን ያጠብቃሉ፤ የሚሄዱበት ግን የለም። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ካረፉ ዓመት አልፏል። እትዬ አስካለ ትተው የሄዱት አንዲት ልጅና አንዲት ላም ነው። ልጅቷ ሰናይት፣ ላሟ ወይኒቱ። ሻምበል ሁለቱንም እኩል ነው የምወዳቸው ይላሉ። እኔ ወይኒቱ ትንሽ ሳትበልጥ አትቀርም ባይ ነኝ።

ሽማግሌ ላክሁ። አባቴ፣ የዕድራችን ሊቀመንበርና ግማሽ ነገሌን ያስታረቁ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ነጭ በነጭ ለብሰው ሄዱ። ሲመለሱ የአባቴ ፊት ላይ ከዚያ በፊት የማላውቀው መልክ ነበር።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«ላሜ ትዳንና እንነጋገራለን አሉ።»

«ምናቸው ትዳን?»

«ላማቸው» አለ አባቴ። ነጋዴው ወደ ግድግዳው ዞረው ሳሉ፤ ሳል አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወይኒቱ ከእትዬ አስካለ ሞት ወዲህ መብላቷ ቀንሷል። ወተቷን ትይዛለች፤ ከሰናይት በቀር ማንም ለማለብ ቢጠጋት ትራገጣለች። የእንስሳት ሐኪሙ አገላብጦ አይቶ «በሽታ የለባትም» አለ። ይህ ለሻምበል እንደ ስድብ ነው። ከዚያ አንድ ጎረቤታቸው «የጨው ቤትን ጥቁር ጨው ብትልስ ይሻላት ነበር» አሏቸው። ለእኚያ ጎረቤት እስካሁን ሰላምታ አልሰጥም።

ሻምበል አስጠሩኝ። ሰናይት ከበሩ አጠገብ ቆማለች።

«አንተ፣ ጨው ቤትን ድንጋይ በድንጋይ ታውቀዋለህ አሉ።»

ሰናይትን አየኋት። በእኔ ኮርታ ፈገግ ብላለች። ያንን ፈገግታ የሚያጠፋ ወንድ ካለ ይቅረብ።

«ያው… አዎ» አልኩ።

«እንሄዳለን። ጨው በሰው እጅ አላስመጣም፣ አፈር ቀላቅለው ይልኩልኛል። ከምንጩ ራሴ አነሳለሁ። አንተ ትመራኛለህ።»

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። ከአፍ የወጣ አፋፍ የሚሉትም ይህንን ነው፤ የእኔው ደግሞ ቃል በቃል አፋፍ ላይ ሊያቆመኝ ነው።

ጉዞ በጀመርንበት ቀን ገና ጎህ ሲቀድ ባጃጅ ቀጠርን። ሻምበል ጎማውን በእግራቸው መታ መታ አደረጉ፣ ፍሬኑን አስረገጡ፣ ሹፌሩን መንጃ ፈቃድ ጠየቁት። ሹፌሩ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሳቸው ሳይስቁ ሲቀሩ ፈልጎ አወጣ። መናኸሪያ ስንደርስ በአሬሮ በኩል ወደ ያቤሎ የሚሄደው መኪና «አሁን ይወጣል» ተባልን። «አሁን» መናኸሪያ ውስጥ ጧትንም ከሰዓትንም የምትይዝ ሰፊ ቃል ናት። ፀሐይ አናታችን ላይ ስትወጣ መኪናው ጭራሽ እንደማይሄድ ታወቀና አንድ አይሱዙ ተገኘልን። ሻምበል ጋቢና ገቡ። እኔ ከላይ፣ ከጆንያውና ከፍየሎቹ ጋር። አንዷ ፍየል የጃኬቴን ገመድ እያኘከች ዳዋ ወንዝ ድረስ አብራኝ ሄደች። ብነጥቃትም ሌላ የምትሠራው ስላልነበራት ዝም አልኳት።

ሻምበል መንገድ ላይ ለሰናይት ይደውላሉ። «በላች? ጠጣች? በየት ጎኗ ተኛች?» ይህ ሁሉ ስለ ወይኒቱ ነው፤ ሰናይት ራሷ በልታ እንደሆነ የጠየቃት የለም። ኔትወርኩ ሲጠፋ መኪናውን አስቆሙት። ራሳቸውን በመስኮት አውጥተው ወደ ላይ አንጋጠጡ።

«አንተ! ይሄ ነው የምታውቀው መንገድ? ስልክ እንኳ የማይሠራበት?»

«የአገሩ ነገር ነው ሻምበል» አልኩ ከፍየሎቹ መሀል።

«መሪ ነኝ ያለ ሰው ይህን ቀድሞ ይናገራል!»

ፊቴ በቀይ አቧራ ስለተለበጠ መቅላቴን አላዩም። ያቤሎ አድረን በማግስቱ ወደ ሞያሌ በሚወርደው አውቶቡስ ተሳፍረን ዱብሉቅ ወረድን። ከዚያ እስከ ሐይቁ አፋፍ ያገኘነው አንድ ሞተር ብቻ ነው። ሹፌሩ፣ ሻምበል፣ እኔ፣ ለጨው የያዝነው ባዶ ጆንያ፣ ሁላችንም እላዩ ላይ። እኔ ከኋላ ነኝ፤ ግማሹ መቀመጫዬ አየር ላይ ነው። ሻምበል በየጉድጓዱ «ቀስ!» ይላሉ፤ ሹፌሩ አማርኛ ስለማያውቅ «ቀስ» ማለት «በርታ» ሳይመስለው አልቀረም።

አፋፉ ላይ ስንደርስ ግን፣ አልዋሽም፣ ንዴቴ ሁሉ ለአፍታ ጠፋ። መሬቱ ድንገት ያበቃል። ከሥር ዙሪያውን በገደል የታጠረ ሰፊ ጎድጓዳ፣ ከጎድጓዳው ወለል ላይ ሐይቁ፤ ክብ፣ ጥቁር፣ ዳርዳሩ በነጭ ጨው የተከፈፈ። ከውሃው የጨዉን ጭቃ የሚያወጡት ሰዎች ከላይ ሲታዩ ነጥብ ያህላሉ። የቀን መቁጠሪያው አሳንሶት ኖሯል። እዚያ ታች ወርጄ ውሃውን በእጄ ነክቼ፣ ፎቶ ተነስቼ፣ ውሸቴን ወደ እውነት ለውጬ እመለሳለሁ አልኩ። ያረጀ ውሸት አንድ ቀን እውነት ቢሆን ማን ይጎዳል?

አንድ አስጎብኚ ከዛፍ ጥላ ሥር ተነስቶ ቀረበን። «መንገዱን ላሳያችሁ?» አለ።

«አያስፈልግም» አሉ ሻምበል። «ይሄ ልጅ ድንጋይ በድንጋይ ያውቀዋል።»

አስጎብኚው ከላይ እስከ ታች አየኝና ጥላው ሥር ተመለሰ።

መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል ግድግዳ። እኛ ስንወርድ ጨው የጫኑ አህዮች ከነባለቤቶቻቸው ይወጣሉ። መጀመሪያ የገጠመን ሰው አህዮቹን ከፊት እየነዳ መጣ።

እዚህ ላይ ስለ ሰላምታ አንድ ነገር ላስረዳ፤ ካላስረዳሁ የተቃጠልኩበትን እሳት አታዩትም። የቦረና ሰላምታ እንደ ከተማው ትከሻ ነካክተው የሚያልፉት አይደለም። ሰው ሲገናኝ የሰውየውን ሰላም፣ የቤቱን ሰላም፣ የከብቱን ሰላም፣ የዝናቡንና የሣሩን ሰላም ሳይጠያየቅ አይተላለፍም። የሁሉም መልስ ግን አንድ ነው፦ ናጋ። ሰላም። ጣሪያህ ቢያፈስም፣ ልጅህን ቢያተኩሰውም መጀመሪያ ናጋ ነው የምትለው፤ ችግሩ ከተቀመጡ በኋላ ይወጣል። ሻምበል ዕድሜያቸውን ነገሌ ኖረው፣ ከጦር ሰፈሩ ሰው በቀር ብዙ ስላልቀረቡ፣ የሚያውቁት የከተማውን አጭሯን ሰላምታ ነው።

«አካም? ናጋ?» አለ ሰውየው።

«ናጋ!» አሉ ሻምበል ሰልፍ ላይ እንደተጠራ ሰው።

«ወርሪ ናጋ?» አለ፣ የቤቱን ሰላም ሲጠይቅ።

«ናጋ!»

«ሎን ናጋ?»

ሻምበል ቆሙ። «ይቺን አላውቃትም። ምን አለ?»

አፌን አመጣታለሁ ብዬ አልነበር? ይኸው መጣች። «እንደምን ዋላችሁ ነው የሚለው» ብል በዚያው ባለፈ ነበር። አስተማሪ ግን ተጠይቆ በትክክል ካልመለሰ ያመዋል። «ከብቶችዎስ ሰላም ናቸው ወይ ይላል» አልኳቸው።

ሻምበል ኮፍያቸውን ከራሳቸው አነሱ። «እንዴት ሰማ?»

«ምኑን?»

«የወይኒቱን መታመም!»

«አልሰማም ሻምበል። ልማድ ነው። ለሁሉም ሰው የሚባል ነው።»

«ልማድም ይሁን ጠይቋል። የተጠየቀ ሰው ይመልሳል። ንገረው።» ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ። መብላት መቀነሷን፣ ወተት መያዟን፣ ሐኪሙ ያለውን፣ ሐኪሙ ያላለውን፣ ጥጃዋን፣ የጥጃዋን አባት። እኔ ዓይኔን ወደ መሬት ተክዬ ተረጎምኩ። ሰውየው አሁን ይስቃል፣ እኛም አፍረን እንወርዳለን ብዬ ነበር።

አልሳቀም። ቦረና ላይ በከብት አይቀለድም። አህዮቹን አቁሞ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ቀለሟ ምንድን ነው?» አለ።

ተረጎምኩ። ሻምበል መለሱ። ተረጎምኩ። «ስንቴ ወልዳለች? የምትጠጣው የጉድጓድ ነው የቧንቧ? ብቻዋን ነው የምታድረው?» ሻምበል ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሙሉ መግለጫ ይሰጣሉ። በዚህ መሀል ከኋላ ሌላ ሰው አህዮቹን ነድቶ ደረሰ። መንገዱ ተዘግቷል። ሰላምታ። «ሎን ናጋ?» ሻምበል ወደ እኔ ዞሩ፦ «ንገረው!» እንደገና ከመብላቷ ጀመርኩ። ሌላ ደረሰ። ሰላምታ። ከመብላቷ ጀመርኩ።

ትንሽ ቆይቶ ያ ገደል የከብት ጉባኤ ሆነ። አንዱ ዓይን ነው የበላት አለ። አንዱ የቧንቧ ውሃ ነው፣ የቧንቧ ውሃ ላም ይጠላል አለ። ሌላው ብቻዋን ስለሆነች ነው፣ ላም ለብቻዋ ምን ኑሮ አላት አለ። በዚህ ላይ ሁለቱ ተከራከሩ፤ ክርክሩንም ለሻምበል እንድተረጉም ታዘዝኩ፤ ሻምበል ደግሞ አስተያየት ነበራቸው። አህዮቹ ደረታቸውን ለጀርባዬ ሰጥተው ቆመዋል። ምክር የሰጠ ሁሉ ከጭነቱ አንድ ጉርድ ጥቁር ጨው ቆርሶ «ለላሟ» እያለ ጆንያችን ውስጥ ይጥላል። ጆንያውን የተሸከመው ማን ነው? መሪው ነው።

ሐይቁን በጎን አየሁት። እዚያው ነው። እኛ ግን ከላይ ካለው ሁለተኛ መታጠፊያ ንቅንቅ አላልንም። ሞተረኛው ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ካልወጣችሁ ጥያችሁ እሄዳለሁ ብሎናል። ምላሴ ደርቋል፣ ትከሻዬ ወርዷል፣ ጥቁር የጨው ውሃ ሸሚዜ ላይ እየተንጠባጠበ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ስሰማ ኖሬ የሰማይዋ ላም ይህን ያህል ትከብዳለች ብዬ አስቤ አላውቅም።

ጉባኤው በመጨረሻ ተበተነና ጥቂት እንደወረድን አንድ ሽማግሌ ከታች መጡ። ረዥም፣ ቀጭን፣ በትር የያዙ፣ ከፊታቸው አንዲት አህያ ብቻ። ሰላምታውን በእርጋታ አዳረሱ። ከብቱ ላይ ሲደርሱ ሻምበል ሳይተረጎምላቸው ገብቷቸዋል፤ ቃሏን ለምደዋታል። ጉሮሯቸውን ጠርገው ከመብላቷ ጀመሩ። ከሌሎቹ ሁሉ አስረዝመው ተናገሩ። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

እኔ ወደ ሐይቁ አየሁ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው አየሁ።

«ናጋ» አልኩ።

«ናጋ» አሉ ሽማግሌው፣ አህያቸውን ነካ አድርገው አለፉ።

ሻምበል አልተንቀሳቀሱም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ። ይህ አቋቋም ነገሌ ውስጥ ይታወቃል፤ የሚወደድ አቋቋም አይደለም።

«አንተ ልጅ። እኔ ያን ሁሉ ተናገርኩ። አንተ ምን አልክ?»

«ባጭሩ…»

«ወታደር ነኝ። የላኩት መልእክት ጎድሎ ሲደርስ አውቃለሁ። ሽማግሌ የላከብኝ ሰው አንተ አይደለህም? ልጄን ብሰጥህ ነገር ሁሉ እንዲህ እየቆረጥክ ልትነግረኝ ነው?»

በዚያች ቅጽበት ሰናይት ከእጄ ስትወጣ ታየችኝ። ሳቋ፣ ካርድ ክፍሉ፣ ሁሉም። ጆንያውን ጥዬ ሽቅብ ሮጥኩ። ሽማግሌው ከእኔ ሦስት እጥፍ ዕድሜ ቢኖራቸውም አወጣጣቸው የጎረምሳ ነው። ደርሼባቸው ጉልበቴን ይዤ እያለከለኩ ስለ ወይኒቱ ሁሉንም፣ አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው።

ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው አዳመጡኝ። «እኔም ገርሞኝ ነበር» አሉ። «የእሳቸው ቃል ረዥም፣ ያንተ አጭር። ኦሮምኛ ያጠረህ መስሎኝ ነበር።»

ተመልሰን ወረድን። ሽማግሌው ከሻምበል ፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ሻምበልም ተቀመጡ። እኔ መሀል ቆምኩ። ሽማግሌው ስለ ላሟ አንዳች አልጠየቁም። ሰላምታውን እንደገና ከመጀመሪያው አነሱ፤ ቤቱ ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው አንዲት ጥያቄ ጨመሩ።

«የቤቱ እናትስ ሰላም ናቸው ወይ ይላሉ» አልኩ።

ሻምበል ወደ ታች፣ ወደ ውሃው አዩ። እስካሁን የቤት ሰላም ሲጠየቁ «ናጋ!» እያሉ ነበር የሚያልፉት። አሁን አላሉም።

«ሞተች በላቸው» አሉ። «ላሟ የእሷ ናት በላቸው። ከጥጃነቷ በእጇ ያሳደገቻት። ጧት ጧት ስሟን ስትጠራት ግቢው ሁሉ ይሰማ ነበር።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ከተዝካሯ ወዲህ ሰው አይጠይቀኝም። ስለ እሷ ቢያነሱብኝ የማዝን ይመስላቸዋል መሰለኝ። የሚጠይቀኝ ሰው ጠፍቶ ነበር በላቸው።»

ተረጎምኩ። አንዲት ቃል አልቆረጥኩም። አፈርኩ፤ ለካ ይህን ሁሉ መንገድ ሳላውቅ የመጣሁበት ነገር ላም አልነበረም። እኔም ራሴ በዚያ ቤት ስገባና ስወጣ እትዬ አስካለን አንድ ቀን አላነሳሁባቸውም።

ሽማግሌው በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ከዚያ «አሁን ማን ያልባታል?» አሉ።

«ልጄ።»

«ልጅቷ ስትዳርስ?»

ልታገቡ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ይቺን ጥያቄ ስተረጉም አስቡኝ። «ልጅቷ ስትዳርስ ይላሉ» አልኩ፤ ዓይኔ ማንንም አላየም።

«ንገራቸው» አሉ ሻምበል። «የሚያገባት እዚህ ቆሞ የሚተረጉምልኝ ነው።»

«የሚያገባት…» አልኩ በኦሮምኛ፣ «እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ ገመገሙኝ። ገበያ ላይ ወይፈን ብሆን ጥርሴን ያዩ ነበር።

«ይሄ?» አሉ። «ቃል የሚቆርጠው?»

ይህንንም ተረጎምኩ። ምን ምርጫ ነበረኝ? ሻምበል ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ጥርሳቸው እንዲያ የሚያምር አላውቅም ነበር።

ሽማግሌው በትራቸውን መሬት ላይ ጫን አደረጉ። «ላም ከምታውቀው እጅ አትለይም። ልጅቷ ስትሄድ ላሟም አብራ ትሂድ።» ተረጎምኩ፤ ደስ እያለኝ። ነገሩ ለእኔ እያደላ ነው። ላም ያላት ሙሽራ ማን ይጠላል?

«እኔስ? በላቸው» አሉ ሻምበል ቀስ ብለው። «ልጅቷም ላሟም ከሄዱ እኔስ?»

ሽማግሌው ጥያቄው የገባቸው አልመሰለም። «ሰው ከብቱ ካለበት ውጭ የት ይኖራል?» አሉ።

አንባቢዎቼ፣ ቆም በሉልኝ። ነገሌ ያለው የኪራይ ቤቴ ታየኝ። ሁለት ክፍል ናት፤ አንደኛዋም ክፍል የምትባለው በይሉኝታ ነው። ከጥሩምባ በፊት የሚነሱት ሻምበል ታዩኝ። በዚያ ገደል ላይ ሁለቱንም ቋንቋ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። «እግዜር ያውቃል ይላሉ» ብል ማን ያውቅብኛል? «ናጋ» ብልስ? ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?

ሻምበል አፌን እያዩ ነው። ሽማግሌውም አፌን እያዩ ነው። አህያዋ ሳትቀር እያየችኝ መሰለኝ።

«ሰው ከብቱ ካለበት ውጭ የት ይኖራል ይላሉ» አልኩ፣ ሙሉውን።

ሻምበል ኮፍያቸውን ደፉ፣ የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። ሽማግሌው መረቋቸው፤ ምርቃቱም ረዥም ነበር፤ ሁሉንም ተረጎምኩ። ከአህያዋ ጭነት የመጨረሻውን ጉርድ ጨው ሰጡን፤ ጆንያው ከአፉ ሞላ።

«በል እንሂድ» አሉ ሻምበል፣ ወደ ላይ ዞረው።

«ወደ ላይ? ሐይቁስ?»

«ጨዉ ሞልቷል። ታች ምን ያስኬደናል?»

«ሻምበል፣ ይህን ያህል መጥተን! እዚህ እኮ ነው፣ ይታያል!»

«እኔ ከዚህም አይቼዋለሁ፣ ይበቃኛል» አሉ። «አንተማ ድንጋይ በድንጋይ ታውቀዋለህ።»

ዞር ብዬ አንዴ አየሁት። ጥቁር፣ ክብ፣ ጸጥ ያለ። ጆንያውን ተሸክሜ ወጣሁ። ፎቶ እንኳ አላነሳሁም፤ ሁለቱም እጆቼ ጆንያ ይዘዋል። ሞተረኛው ሄዷል። አስጎብኚው አሁንም ጥላው ሥር ነው። «እንዴት ነበር?» አለኝ። ጆንያውን ወደ ሌላው ትከሻዬ አዞርኩ።

ሽማግሌዎቼ እንደገና ሄዱ። ከመቀመጣቸው በፊት «ላሟስ ደህና ናት ወይ?» እንዲሉ አስጠንቅቄያቸው ነበር፤ ሊቀመንበሩ ረስተው አባቴ ጎሸማቸው። ሻምበል እሺ አሉ። ሠርጉም አለፈ። ወይኒቱ ከሙሽራዋ ጋር መጣች፤ ሻምበልም ከብታቸው ያለበት መጡ። ያ ሁሉ ጨው? ወይኒቱ አንዴ አሽትታ ፊቷን አዞረች። ጆንያው አሁን በር ይደግፋል። እሷ ግን ሰናይት ጧት ማታ አጠገቧ ስለሆነች ትበላለች፣ ትታለባለችም፤ እኔን ብቻ ትራገጣለች።

ሻምበል ጎህ ሲቀድ መስኮታችንን ያንኳኳሉ። ጫማዬ ካልተወለወለ ከቤት አልወጣም። ጧት ስወጣ «ሎን ናጋ?» እላቸዋለሁ፤ ከወይኒቱ ይጀምራሉ፣ ዞረው ዞረው እትዬ አስካለ ጋ ይደርሳሉ፤ እኔ ትምህርት ቤት አርፍጄ እደርሳለሁ። ይናደኛል፤ ደስም ይለኛል። ደስ እንደሚለኝ ግን አልነግራቸውም።

ባለፈው እንግዳ መጥቶ ሳሎን፣ ማለትም የሻምበል አልጋ ጫፍ ላይ፣ ተቀምጦ ሳለ ያንኑ ጥያቄ አመጣው። «ጨው ቤት ሄደሃል አሉ። ሐይቁ እንዴት ነው?»

«ናጋ ነው» አልኩት።

ከጓሮ፣ ከወይኒቱ አጠገብ፣ የሻምበል ድምፅ መጣ። «አንተ! ደሞ ጀመርክ? ሙሉውን ንገረው!»

ይኸው፣ ለእሱም ለእናንተም ሙሉውን ነገርኳችሁ። የጎደለው ሐይቁ ብቻ ነው።